የማዳበሪያዋ መንገድ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልተርክላችሁ። የአንዲት ማዳበሪያን ጉዞ። ማዳበሪያ ስል ከረጢቷን ማለቴ ነው። ውስጧ የነበረው ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላ ባዶዋን ከተማ የገባችውን፣ በየግቢያችን ጥግ ተደግፋ የሽንኩርቱን ልጣጭ፣ የከሰሉን አመድ፣ የቡናውን አተላ፣ የተቀደደውን ፌስታል ሁሉ የምትውጠዋን።

ጠዋት ነው፤ አገሩ አዲስ አበባ። የግቢያችን ቆርቆሮ በር ተንኳኳ። «ቆሻሻ አለ?» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። የጽዳት ማህበሩ ልጅ ናት። ራሷን በሻሽ ጠምጥማለች፣ አፍንጫዋን በጨርቅ ሸፍናለች፣ እጇ ላይ ጣቱ ያለቀ ጓንት አለ። ጓደኛዋ ጋሪውን ይዛ ከበር ውጪ ቆማለች። ልጅቷ እንደ ልማዷ ወደ ጥጉ ሄደች፣ የማዳበሪያዋን አፍ በአንድ እጇ ጨመደደች፣ ሌላውን ከሥሯ አስገብታ ወደ ትከሻዋ ብድግ ልታደርጋት ስትል «ውይ!» ብላ ለቀቀቻት።

መዳፏ ተሰንጥቋል። ደሙ በጓንቱ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ መሬቱ ላይ ያለውን አመድ አቀለመው።

የሻይ ብርጭቆ ነበር። በዋዜማው ማታ ከእጄ ያመለጠኝ ብርጭቆ። ጠርጌ ሰብስቤ፣ ከድንቹ ልጣጭ ጋር ከትቼ፣ እጄን ታጥቤ ተኝቼ ነበር። እናቴ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ይዛ ሮጠች። «እኔን ልጄን! ምን አገኘሽ?» አለቻት። ልጅቷም እጇን እየታጠበች፣ ፊቷን እንኳ ሳታጠቁር፣ «ምንም አይደል እማማ፣ ለምደነዋል» አለች።

ለምደነዋል። ይህቺን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኅሊናዬ ስላላስቀመጠኝ አንድ ነገር ፍለጋ ገባሁ። ቆሻሻን የሚገዛ ሕግ አለን ወይ? ነበረን፤ ያውም የቆየ። «የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ» ይባላል፤ ቁጥሩ 513፣ ዘመኑ 1999 ዓ.ም.። ሳነብበው ገረመኝ። የቤት ኃላፊ የሆነ ሁሉ ዳግም ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው ለይቶ እንዲያስቀምጥ ያዝዝ ነበር። ያለ ከተማው ፈቃድ ማንም ቆሻሻ መሰብሰብ፣ ማጓጓዝም ሆነ ማስወገድ አይችልም ነበር። በመንገድ፣ በወንዝ፣ በመናፈሻ መጣል ክልክል ነበር። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። የከተማ አስተዳደሮች የቆሻሻ ዕቅዳቸውን ሲያወጡ የታችኛው አስተዳደርና ነዋሪው እንዲሳተፉበት ተጽፎ ነበር። እንግዲህ እኔ ብርጭቆውን ከልጣጩ ጋር ስቀላቅል ሕጉ ዓመታት አስቆጥሮ ነበር ማለት ነው።

ወደ ማዳበሪያችን እንመለስ። ልጅቷ እጇን በጨርቅ አስራ ማዳበሪያዋን ጋሪው ላይ ጫነቻት። ሁለቱ ተጋግዘው በኮብልስቶኑ ላይ እየገፉ ወደ ገንዳው ወረዱ። ገንዳ የምንለው ያ ትልቅ የብረት ሳጥን የሰፈር ሁሉ ጭቅጭቅ መነሻ ነው። ገንዳ ይምጣልን ብሎ ወረዳ የሚመላለሰው ሰው፣ ገንዳው በደጁ ሲያርፍ ደግሞ ይነሳልኝ ብሎ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ የሚያርፈው አቤት ለማለት ጊዜም ጉልበትም በሌለው ሰው በር ላይ ነው። መኪናው የቀረ ቀን ሞልቶ ይፈስሳል፤ ውሻው ይጎትተዋል፤ ዝናቡ ወደ ቱቦው፣ ቱቦው ወደ ወንዙ ያወርደዋል።

ሒሳቡንም ልንገራችሁ። ለጽዳት የምንከፍለው ብዙ ጊዜ ከውሃ ቢል ጋር ተደምሮ፣ በፍጆታችን ልክ ሲሰላ ኖሯል። የጣልነው ቆሻሻ ብዙ ይሁን ጥቂት የተለየ ይሁን የተቀላቀለ ክፍያው አይለወጥም። ማህበራቱ ግን የሚከፈላቸው ሰብስበው ባስረከቡት መጠን ነው። እኛ ለመለየት የሚያነሳሳን ነገር የለም፤ እነሱም ቆመው ለመለየት ጊዜው የላቸውም። ታዲያ አዋጁ «ይለይ» ያለውን ማን ይለየው?

የሚለየውማ አለ። በማለዳ በየሰፈሩ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረውን ልጅ ታውቁታላችሁ። ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውን፣ የተሰበረውን ወንበር፣ ያረጀውን ጫማ በሳንቲም ገዝቶ በጀርባው ይሸከማል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል፤ እዚያ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ብረቱ እየተቀጠቀጠ ሌላ ዕቃ ይወጣዋል። እኔ ይህን ልጅ ከከተማዋ የጽዳት ሠራተኞች አንዱ አድርጌ ነው የማየው። ደመወዝ የሚቆርጥለት ባይኖርም የአዋጁን ሥራ ከማናችንም በላይ የሚሠራው እሱ ነው።

ማዳበሪያችን ከገንዳው ወደ መኪናው ተዛወረች። መኪናው ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጠፈ፤ ዘነበወርቅን ይዞ፣ አለርት ሆስፒታልን አልፎ የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ወደሆነው ቆሼ ደረሰ።

አሁን ታሪኩ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ታገሡኝ። በንጉሡ ዘመን ያ ሁሉ አካባቢ የከተማው ዳርቻ ነበር። በ1920ዎቹ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ የተሠራው እዚያ ነው፤ ሰፈሩም በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። ሕሙማኑ ሲድኑ ወደ አገራቸው መመለስ አልቻሉም፤ ማን ይቀበላቸዋል? እዚያው ጎጆ ቀለሱ፣ እዚያው ወለዱ፣ እዚያው ከበዱ። በ1950ዎቹ ደግሞ ከተማዋ ቆሻሻዋን የምትጥልበት ቦታ ስትፈልግ ዓይኗ ያረፈው በዚያው ጎን፣ ረጲ በተባለው መሬት ላይ ነው። አስተውሉ፤ ከተማዋ በመጀመሪያ ማየት የማትፈልገውን ሰው፣ ቀጥሎም ማሽተት የማትፈልገውን ጥራጊ ወደ አንድ አቅጣጫ ሸኘች። ማን እንዲህ ብሎ እንደወሰነ አልፈርድም። ውጤቱን ግን በዓይናችን አይተነዋል።

ሃምሳ ዓመት ሙሉ መኪናው አፈሰሰ። ከተማዋ ሰፍታ ቆሼን ዋጠችው፤ ዳርቻ የነበረው መሐል ሆነ። 36 ሄክታር ገደማ የሚሆን ተራራ ተነሳ። የሚጨስ፣ በክረምት ጥቁር ውሃ የሚያለቅስ ተራራ። በላዩ ላይ ሰዎች ጫፉ የተቆለመመ ብረት ይዘው፣ መኪናው ሲገለበጥ ተሻምተው፣ ፕላስቲክና ብረት ይለቅማሉ። ግርጌው ላይ በጭቃና በላስቲክ የተሠሩ ቤቶች ተደርድረው ነበር። ሽታው እንዴት ነው ብላችሁ የጠየቃችሁ እንደሆነ መልሱን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለምደነዋል።

መፍትሔ አልተፈለገም አልልም። ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በሰንዳፋ፣ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ ጭምር ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. ቆሼ አረፈ፤ መኪኖቹ ወደ ሰንዳፋ ወጡ። እዚያም ገበሬ አለ። ልጅ አለው፣ ከብት አለው፣ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ አለው። ሽታው ቤቱ ገባ፣ ውሃዬና ከብቶቼ ተጎዱ አለ፤ መንገዱን ዘጋ። ጥቂት ወራት ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት ክረምት፣ ሰንዳፋ ተዘጋ። በገበሬው አልፈርድም። የአዋጁን ቃል ካስታወሳችሁ፣ ነዋሪው በዕቅዱ ይሳተፍ ነበር የሚለው። ዕቅዱ ሲሳል ያልተጠየቀ ሰው መኪናው ሲመጣ ይናገራል።

ቆሻሻው ተመልሶ ቆሼ ገባ።

ክረምቱ ወጣ። መስከረም ጠባ፣ መስቀል ተደመረ፣ ጥምቀት አለፈ። ሁዳዴ ገባ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ ነው። የቅዳሜ ማታን ታውቃላችሁ፤ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፣ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ነገ እሑድ ነው። ተራራው ተናደ።

ሲናድ ያየ ሁሉ የሚናገረው አንድ ነው፤ ጊዜ አልሰጠም። ቤቶቹን ከነመብራታቸው ከደነ። ሌሊቱን ሙሉ፣ ከዚያም ለቀናት ተቆፈረ። ሰዎች ቆፋሪው ማሽን አጠገብ ቆመው በየአካፋው ውስጥ የልጃቸውን ልብስ ፈለጉ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። በአገሪቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ።

አዋጅ 513 ያን ጊዜ ወጥቶ አሥር ዓመት ደፍኖ ነበር። በውስጡ፣ ልጅቷ የተጎዳች ዕለት ማታ ደጋግሜ ያነበብኩት አንቀጽ ነበር። የቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ ባለቤት የሆነ፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ቦታው በሥራ ላይ ሳለም ሆነ ከተዘጋ በኋላ በሰው ጤና፣ በንብረትና በአካባቢ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይል ነበር። በሥራ ላይ ያሉ ማስወገጃዎች የአካባቢ ኦዲት እንዲደረግባቸውም ያዝዝ ነበር። ቆሼን በሚመለከት ሕግ አውጪው ማሰብ የሚገባውን አስቦ ነበር፤ ይህ ሊካድ አይገባም። የጎደለው ወረቀቱን ይዞ ተራራው ሥር የሚሄድ ሰው ነው። እኛም አልጠየቅንም። ማዳበሪያችን ከበራችን ከወጣች ጉዳዩ ያበቃ ይመስለን ነበር።

ከአደጋው በኋላ ሥራ ተሠርቷል፤ ያንንም መናገር ተገቢ ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በኩል ተራራውን የማረጋጋት ሥራ ተጀመረ። ዘዴው በተወለደባት ከተማ ስም ፉኩኦካ ይባላል። ነገሩ ሲገለጥ ቀላል ነው፤ ከሥር የተቦረቦሩ ቱቦዎች ይዘረጋሉ፣ ጥቁሩ ውሃ በነሱ ይወጣል፣ አየር በነሱ ይገባል። ቆሻሻው አየር ሲያገኝ ቶሎ ይበሰብሳል፣ የታመቀው ጋዝ ይቀንሳል፣ ጎኑም በደረጃ ይስተካከላል። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ ነው የተሠራው።

እዚህ ላይ ግን ማዳበሪያችን እንደገና ትመጣለች። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው፤ የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የተረፈ ወጥ። ውሃ ያዘለ ነገር እሳት ውስጥ ሲገባ እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን ማድረቅ አለበት። አመዳችንም አንድ ጊዜ ነዶ ያለቀ ነው፤ ሁለተኛ አይነድም። ለዚህ ሁሉ መላው እኛው ጓዳ ውስጥ ነው። ልጣጩ ለብቻው ቢቀመጥ ለአትክልት ሥር የሚሆን ብስባሽ ይወጣዋል፤ የሚነደውም ደርቆ ይነዳል። ትልቁ ፋብሪካ በሺህ ቶን የሚቆጥረው ነገር የሚበላሸው ወይም የሚቃናው በእናቴ ጓዳ ጥግ፣ አንዲት ማዳበሪያ ውስጥ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቆሻሻ ላይ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ፌስታል እስከነጭራሹ ተከልክሏል፤ ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ክልከላውን እደግፋለሁ። ፌስታሉ ቱቦ ሲደፍን፣ ከብት ሆድ ውስጥ ሲገኝ ዓመታት አልፈዋልና። ሆኖም የቅጣቱ እጅ ዘንቢሏን ረስታ በወጣች የጉሊት ቸርቻሪ ላይ ብቻ እንዳይበረታ እሰጋለሁ። አምራቹም፣ ገንዳ ሳያነሳ የሚውለው መሥሪያ ቤትም፣ የማስወገጃው ባለቤትም በዚያው ሚዛን ይለኩ። የፊተኛው አዋጅ ቀጭኑን ፌስታል ከከለከለ 18 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ፌስታሉ ግን ከገበያ አልጠፋም። አሁን ያ እንዳይደገም የሚጠብቅ ዓይን ያስፈልጋል፤ ያ ዓይን ደግሞ የእናንተና የእኔ ነው።

ልጅቷ አሁንም ትመጣለች። መዳፏ ላይ ቀጭን ጠባሳ አለ፤ ቡና ስትጠጣ ስኒውን በዚያው እጇ ነው የምትይዘው። አንድ ቀን ስለዚያ ብርጭቆ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ተው እንጂ ወንድሜ፣ ያንተ ይሻላል፤ መርፌ አለ፣ ምላጭ አለ» አለችኝ። አሁን በግቢያችን ጥግ ሦስት ነገር ተቀምጧል፤ ለልጣጭ ባልዲ፣ ለቁራሌው ካርቶን፣ ለቀሪው ማዳበሪያዋ።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ዛሬ ማታ ብርጭቆ ቢሰበርባችሁ በወፍራም ካርቶን ጠቅልሉት፣ በገመድ እሰሩት፣ ላዩ ላይ «ስባሪ» ብላችሁ ጻፉበት። ጠዋት በሩ ሲንኳኳ በእጃችሁ አውጥታችሁ ስጧት። የወረዳችሁ ስብሰባ ሲጠራም ሂዱና፣ ማዳበሪያችን ከዚህ ስትወጣ የት ነው የምትደርሰው፣ እዚያስ ማን ይኖራል ብላችሁ ጠይቁ።