እንክብል መኖ፦ ለቤት ጥንቸል የቱ ይሻላል?

የቤት እንስሳት መኖ ከሚሸጥበት ገብቶ «የጥንቸል መኖ ስጡኝ» ላለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት በከረጢት የታሸገ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ መልክ ያለው፣ ከጥፍር የማይበልጥ ደረቅ ድፍን ፍሬ ነው። ሻጩ «ፔሌት» ይለዋል። የእንስሳት መኖ ባለሙያዎችም ቃሉን እንዳለ ወስደው «ፔሌት መኖ» ይላሉ። ይህ ጽሑፍ «እንክብል መኖ» የሚለውን አቻ ቃል ያቀርባል። ጥንቸል የሚያሳድግ ሰው የትኛውን እንክብል መምረጥ እንዳለበትና ምን ያህል መስጠት እንዳለበትም ያብራራል።

ቃሉና ፍቺው

እንክብል መኖ የሚሠራው ከተፈጨ ሣር ወይም አልፋልፋ፣ ከእህል ተረፈ ምርት፣ ከቫይታሚንና ከማዕድን ነው። ድብልቁ በእንፋሎት ይሞቃል፣ ይረጥባል። ከዚያም ብዙ ቀዳዳ ባለው ወፍራም ብረት ውስጥ በኃይል ተገፍቶ ሲወጣ በቢላ ይቆረጣል፤ ቀዝቅዞ ሲደርቅ ይታሸጋል። ለጥንቸል የሚዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት አለው።

ፔሌት ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን መነሻው «ትንሽ ኳስ» ማለት ነው። በአማርኛ «የታመቀ መኖ» እንዳይባል፣ የታሰረ ድርቆሽም የታመቀ ነው። «ፍሬ መኖ» እንዳይባል ደግሞ ከጥሬ እህል ጋር ይምታታል። እንክብል ግን ሁሉም ሰው ከመድኃኒት ቤት የሚያውቀው ቃል ነው፤ ብዙ ነገር ተፈጭቶ፣ ተደባልቆና ተጨምቆ አንድ ትንሽ ፍሬ መሆኑን ይገልጻል። በልክ የሚወሰድ መሆኑንም ያስታውሳል። እንክብል መኖም በልክ የሚሰጥ ማሟያ ስለሆነ ስሙ ይስማማዋል። ካልተጨመቀው «ዱቄት መኖ» እና ጥሬ እህል፣ ቆሎና የደረቀ ፍራፍሬ ሳይፈጭ ከተቀላቀለበት «ድብልቅ መኖ» ጋርም አይምታታም።

ጥንቸል በዋናነት ምን ትበላለች?

የቤት ጥንቸል ዘሯ ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር የመጣ ነው። በአገራችን ደጋና ቆላ የምትሮጠው የዱር ጥንቸል የሩቅ ዘመዷ ብትሆንም ዝርያዋ ሌላ ነው። ሁለቱም የሚኖሩት ሣርና ቅጠል በልተው ነው። ስለዚህ የቤት ጥንቸል ዋና ምግብ ድርቆሽ ነው። እዚህ ላይ ድርቆሽ ስንል የደረቀውን እንጀራ ሳይሆን ታጭዶ የደረቀውን ሣር ነው። በብሪታንያ የሚገኘው የጥንቸል ደኅንነት ማኅበርና ፈንድ ከምግቧ 85 በመቶ ያህሉ ድርቆሽ ወይም ሣር እንዲሆን ይመክራል። እንክብሉ የሚገባው ከሚቀረው ጥቂት ድርሻ ላይ ነው፤ ያንንም ከአረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ጋር ይካፈለዋል።

ምክንያቱ ከጥርሷ ይጀምራል። ጥንቸል 28 ጥርስ አላት፤ ሁሉም ዕድሜ ልኳን ያድጋሉ። የፊት ጥርሷ በሳምንት 2 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ድርቆሽ ስትበላ መንጋጋዋ ወደ ጎን እየሄደ ረጅሙን ሣር ይፈጫል፤ ጥርሷም በዚያው ይሞረዳል። እንክብል ስትበላ ግን መንጋጋዋ ወደ ላይና ወደ ታች ይሰብራል፤ ጥቂት ጊዜ አኝካ ትውጠዋለች። እንክብል ብቻ የምትበላ ጥንቸል መንጋጋ ጥርሷ በበቂ አይሞረድም። ጠርዙ ሾሎ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል፤ ሲያማት መብላት ትተዋለች።

ቀጥሎ አንጀቷ ነው። ሣር ውስጥ ያለው ፋይበር ወይም አሰር በሆዷ ውስጥ ሁለት ሥራ አለው። ረጅሙና ሻካራው አሰር አንጀቷን እያንቀሳቀሰ ደረቅ በጠጥ ሆኖ ይወጣል። ደቃቁ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ዕውር አንጀቷ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከዚያ የሚወጣው እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ በጠጥ ነው። ጥንቸሏ ይህን ገና ሲወጣ ራሷ ትበላዋለች፤ በውስጡ ያለውን ፕሮቲንና ቫይታሚን የምታገኘው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ጤናማ ባሕርይዋ ስለሆነ ባለቤቱ ሊደነግጥ አይገባም።

እንክብል በደቃቁ የተፈጨ ነው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው የአሰር መጠን ከፍ ያለ ቢሆንም እንኳ አብዛኛው ደቃቅ አሰር ነው፤ አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰውን የሣር ሥራ ሊተካ አይችልም። ስታርችና ስኳር ሲበዛ ደግሞ የባክቴሪያዎቹ ሚዛን ይዛባል። ለስላሳው በጠጥ እየላላ ይመጣል፤ ጥንቸሏም ሳትበላው ይቀርና ጭራዋ ሥር ይጣበቃል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ ሊቀንሰው የሚገባው እንክብሉን ነው። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም፤ አንጀቷ ከቆመ በፍጥነት ልትሞት ትችላለች። ግማሽ ቀን ያህል ምንም ያልበላችና በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል በአስቸኳይ ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለባት።

ታዲያ እንክብል ለምን ያስፈልጋል?

ድርቆሽ ሲከርም ቫይታሚኑ ይቀንሳል፤ የማዕድን ይዘቱም እንደ በቀለበት አፈር ይለያያል። ፀሐይ የማታገኝ ጥንቸል ቫይታሚን ዲ ሊያጥራት ይችላል። በማደግ ላይ ያለች፣ የምታጠባ ወይም ከሕመም የተነሣች ጥንቸል ደግሞ በትንሽ ምግብ ብዙ ጉልበት ትፈልጋለች። ጥሩ እንክብል እነዚህን ክፍተቶች ይሞላል።

ችግሩ እንክብል መኖ መጀመሪያ የተሠራው ለሥጋ ለሚረቡና ለላቦራቶሪ ለሚቀመጡ ጥንቸሎች መሆኑ ነው። የሥጋ ጥንቸል ከሦስት ወር ባልበለጠ ዕድሜዋ ስለምትታረድ ዓላማው ቶሎ ማወፈር ነበር። በቤት የምትኖረው ግን ከ8 እስከ 12 ዓመት ልትኖር ትችላለች። ያንኑ መኖ ዓመታት ሙሉ ሲሰጧት ከመጠን በላይ ትወፍራለች። የወፈረች ጥንቸል ጀርባዋን ማጽዳትና ለስላሳ በጠጧን መድረስ ይቸግራታል። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ «ለፈጣን ዕድገት» ወይም «ለእርባታ» የሚል ካለ ለአዋቂ የቤት ጥንቸል አይሆንም።

ከረጢቱን ማንበብ

በመጀመሪያ የሚነበበው የግብዓቶቹ ዝርዝር ነው። ግብዓቶቹ በክብደታቸው ቅደም ተከተል ስለሚጻፉ ከፊት የተጻፈው ዋናው ነው። ለአዋቂ ጥንቸል ከፊት መሆን ያለበት እንደ ቲሞቲ ያለ የሣር ድርቆሽ ነው። በቆሎ፣ ስንዴ ወይም ፉርሽካ ከፊት ከተጻፈ ሌላ ፈልጉ።

ቀጥሎ ቁጥሮቹ ይነበባሉ። ለአዋቂ ጥንቸል አሰሩ ቢያንስ 18 በመቶ ይሁን፤ ከ20 እስከ 25 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ፕሮቲኑ ከ12 እስከ 14 በመቶ፣ ስቡ ከ3 በመቶ ያልበለጠ፣ ካልሲየሙ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልሲየም በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጥንቸል አንጀት የቀረበለትን ካልሲየም በብዛት ይወስዳል፤ ትርፉ በሽንት ነው የሚወጣው። መጠኑ ሲበዛ ሽንቷ እንደ ኖራ ይወፍራል፤ ፊኛዋ ውስጥ አሸዋና ጠጠር ሊፈጠር ይችላል።

ሦስተኛው የማያስፈልገው ነገር ነው። ማር፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ለውዝ፣ የሱፍ ፍሬ፣ የወተት ተዋጽኦና ደማቅ ቀለም ለጥንቸል አይጠቅሟትም። ሞላሰስ ዱቄቱን ለማያያዝ በጥቂቱ ይገባ ይሆናል፤ ከፊት ከተጻፈ ግን ስኳሩ በዝቷል።

አራተኛው ቀኑ ነው። ቫይታሚኖቹ በጊዜ ብዛት ስለሚደክሙ አዲስ የተመረተውን ምረጡ፤ በሁለት ወር ውስጥ የሚያልቅ መጠን ብቻ ግዙ። ቤት ስትደርሱ ጥቂቱን መዳፋችሁ ላይ አፍስሱት። መልኩ አንድ ዓይነት፣ ሽታው የደረቀ ሣር የሚመስል፣ በጥፍር ሲጫኑት ጸንቶ ቆይቶ የሚሰበር ከሆነ ጥሩ ነው። የሻገተ ወይም የዘይት ክርፋት ያለው፣ አንድ ላይ የተጓጎለ ወይም ከረጢቱ ሥር ብዙ ዱቄት ያጠራቀመ ከሆነ አትስጧት። የቀረውን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት።

ድብልቅ መኖ ለምን አይመረጥም?

ድብልቅ መኖ ለዓይን ያማረ ነው። ጥንቸሏ ግን ጣፋጩንና ስታርች የበዛበትን እየለቀመች በልታ አሰር ያለውን ትተዋለች። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎች ጥንቸሎችን በአራት ቡድን ከፍለው 17 ወራት ተከታትለዋቸው ነበር። ድብልቅ መኖ የተሰጣቸው ጥንቸሎች ድርቆሽ ቢቀርብላቸውም አነስተኛ ድርቆሽ ይበሉ ነበር፤ ውፍረትና የጥርስ ችግርም ታይቶባቸዋል። በእንክብል ግን እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ዓይነት ስለሆነ መልቀም አይቻልም። እንክብል ከድብልቅ የሚሻልበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ዕድሜና ልክ

ከስድስት ወይም ከሰባት ወር በታች ላለች ጥንቸል ፕሮቲንና ካልሲየም የበዛበት የአልፋልፋ እንክብል ይስማማታል፤ በዚህ ዕድሜ መጠኑን ማጥበቅ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሣር እንክብል ትዛወር። ለአዋቂ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ25 ግራም አይብለጥ፤ 2 ኪሎ ለምትመዝን ቢበዛ 50 ግራም ማለት ነው። የወፈረች ከሆነ ከዚህም ይቀነስ። ቤት ያለውን የቡና ሲኒ በእንክብል ሞልታችሁ አንድ ጊዜ በሚዛን ብትመዝኑት ከዚያ በኋላ ሲኒው መስፈሪያ ይሆናችኋል። ሳህኑ ባዶ ሆነ ብሎ ደግሞ መሙላት ግን ስህተት ነው፤ ባዶ መሆን የሌለበት የድርቆሹ ማስቀመጫና የውኃው ዕቃ ነው።

መኖ ስትቀይሩ በአንድ ቀን አትቀይሩ። አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ፣ አዲሱን በየቀኑ እየጨመራችሁ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ውስጥ አሸጋግሯት። በዚህ ጊዜ በጠጧን ተመልከቱ፤ ካነሰ ወይም ከላላ ቆም በሉ።

እንክብል በማይገኝበት ጊዜ

በአገር ቤት የጥንቸል እንክብል በየገበያው አይገኝም። አንዳንድ ሰው የዶሮ መኖ ይሰጣታል፤ ይህ አደገኛ ነው። የዶሮ መኖ እህል የበዛበት፣ አሰሩ ያነሰ ነው። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ካልሲየሙ ለጥንቸል ከሚበጀው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በአንዳንዱ የዶሮ መኖ ውስጥ የሚገባ የኮክሲዲያ መከላከያ መድኃኒትም ጥንቸልን ሊመርዝ ይችላል። ፉርሽካና ፋጉሎ ቀላቅሎ መስጠትም የእንክብል ምትክ አይሆንም።

እንክብል ያጣ ሰው አይጨነቅ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከሱሉልታ የሚመጣውን ዓይነት ንጹሕ፣ ያልሻገተ የሣር ድርቆሽ ሳያቋርጥ ያቅርብ። በየቀኑ የታጠበ አረንጓዴ ቅጠል ይጨምር። ጥንቸሏን በጠዋት ፀሐይ፣ ጥላ ባለበት ግቢ ያንሸራሽራት። ጤነኛ አዋቂ ጥንቸል በዚህ ትኖራለች።

ድርቆሽ የሌለበት ምርጥ እንክብል ግን ጥንቸልን ያሳምማል። ስለዚህ ለጥንቸላችሁ የምታወጡት ገንዘብ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ጥሩ ድርቆሽ ግዙ፤ የተረፈውን ለእንክብል አውሉት።