የሎዋር ብስክሌተኞችና የሊዮናርዶ ስዕል

በየዓመቱ ሚያዝያ 24፣ በፈረንጆቹ ሜይ 2፣ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሙት ዓመት ነው። ጣሊያናዊው ሠዓሊና መሐንዲስ በ1519 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ67 ዓመቱ ያረፈው ከትውልድ አገሩ ርቆ፣ በፈረንሳይ የሎዋር ወንዝ ዳር በምትገኘው አምቧዝ ከተማ ነው። ያረፈበት ክሎ ሉሴ የተባለው የቀይ ጡብ ቤት ዛሬም ቆሞ እንግዳ ይቀበላል፤ ከእንግዶቹም ብዙዎቹ የሚመጡት በብስክሌት ነው። ሊዮናርዶንና ብስክሌትን የሚያገናኝ ታሪክ ደግሞ ላለፉት 50 ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። የዛሬው ጽሑፋችን ወደዚያ ክርክር ይወስደናል፤ መንገዱ ግን በወንዙ በኩል ነው።

ሎዋር ከፈረንሳይ ወንዞች ሁሉ ረጅሙ ነው። 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። የሸለቆው መካከለኛ ክፍል፣ ከሱሊ እስከ ሻሎን ያለው፣ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወንዙን ተከትሎ ደግሞ «ላ ሎዋር አ ቬሎ» የሚባል የብስክሌት መንገድ ተዘርግቷል። ከኔቨር አጠገብ ካለችው ኩፊ መንደር ተነሥቶ 900 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ሰን ብሬቨን ላይ ባሕሩን ያገኛል። ከአትላንቲክ እስከ ጥቁር ባሕር የሚዘልቀው የአውሮፓ 6ኛ የብስክሌት መስመር አካልም ነው። ሁሉም ክፍሉ ከመኪና ነጻ ነው ማለት አይቻልም፤ አንዳንዱ ቦታ ገበሬው በትራክተር የሚያልፍበት የገጠር መንገድ ነው። የሚያምረው ክፍል ግን የብስክሌትና የእግረኛ ብቻ ነው፤ አንድም የመኪና ጥሩንባ ሳይሰማ ግማሽ ቀን የሚኬድበት ቦታ ሞልቷል።

ይህ ጸጥታ ራሱ ታሪክ አለው። ከመንገዱ ብዙው የተሠራው ወንዙ እርሻና መንደር እንዳያጥለቀልቅ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በተከመሩ የአፈር ግድቦች አናት ላይ ነው። ወንዙም በዚያን ዘመን ዋና አውራ ጎዳና ነበር። ታቻቸው ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባዎች ጨውና ወይን፣ ድንጋይና እህል ይዘው ይመላለሱበት ነበር። ሎዋር ወደ ምዕራብ ይፈሳል፣ ነፋሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብ ይነፍሳል። ስለዚህ ጀልበኞቹ ሲወርዱ በውኃው፣ ሲወጡ በሸራቸው ይጓዙ ነበር። የዛሬው ብስክሌተኛ ግን ሸራ የለውም፤ ቁልቁል ነው ብሎ ወደ ባሕሩ ሲነዳ ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል። በ1846 ባቡር ከኦርሌአን ቱር ገባ። የጀልባው ንግድም ከዚያ ወዲያ ተዳክሞ ጠፋ፤ ወንዙ አሸዋማ ደሴቶቹን ይዞ ለወፎች ቀረ።

ከብሏ እስከ ቱር ባለው መንገድ ላይ ዓይን የሚይዘው ድንጋዩ ነው። ቱፎ ይባላል፤ ነጣ ያለ፣ በመጋዝ የሚቆረጥ ለስላሳ ድንጋይ ነው። የነገሥታቱ ቤተ መንግሥቶችና የመንደሩ ሰው ቤቶች የተሠሩት ከዚሁ ከአንዱ ገደል በወጣ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ የወጣበት ዋሻ ደግሞ ባዶ አልቀረም። መኖሪያ፣ የወይን ጠጅ ማስቀመጫና የእንጉዳይ ማብቀያ ሆኗል። ከገደሉ በላይ በወይን እርሻው መካከል የቤት ጭስ ማውጫ ብቻውን ከመሬት ወጥቶ የሚታየው፣ ቤቱ ከእርሻው ሥር ስለሆነ ነው።

ሊዮናርዶ ወደዚህ ሸለቆ የመጣው በ1516 በወጣቱ ንጉሥ በፍራንሷ ቀዳማዊ ጥሪ ነው። ሞና ሊዛን ጨምሮ ጥቂት ሥዕሎቹንና ማስታወሻዎቹን ይዞ መጣ። ንጉሡ ቤትና ዳጎስ ያለ ደመወዝ ሰጠው። በ1517 የጎበኙት የካርዲናል ሉዊጂ ዳራጎና ጸሐፊ አንቶኒዮ ዴ ቤያቲስ፣ ሽማግሌው ሦስት ሥዕሎች እንዳሳያቸውና ቀኝ እጁ ሽባ እንደሆነ ጽፏል። ያም ሆኖ ሥራ አልፈታም። ለንጉሡ እናት ሮሞራንታን በተባለች ከተማ አዲስ ቤተ መንግሥት ነደፈ፤ የአካባቢውን ወንዞች ከሎዋር ጋር የሚያገናኙ ቦዮችም አሰበ። ዕቅዱ ተጀምሮ ተተወ፤ ንጉሡም በዚያው በ1519 ፊቱን ወደ ሻምቦር አዞረ። የሻምቦር ቤተ መንግሥት ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድበት ጥምዝምዝ ደረጃ አለው፤ ሐሳቡ የሊዮናርዶ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ብስክሌቱ እንምጣ። ከሊዮናርዶ ማስታወሻዎች ትልቁ ጥራዝ ኮዴክስ አትላንቲኩስ ይባላል፤ የሚገኘው ሚላን ውስጥ በአምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ1,000 በላይ ቅጠሎች አሉት። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወረቀቶቹን የሰበሰበው ቀራፂ ፖምፔዮ ሌዮኒ በትልልቅ ገጾች ላይ ስለለጠፋቸው የአንዳንዶቹ ጀርባ ተሸፍኖ ኖረ። በ1960ዎቹ ጥራዙ ሮም አጠገብ ወዳለው የግሮታፌራታ ገዳም ለጥገና ሄደና መነኮሳቱ ወረቀቶቹን አላቀቁ። በ133ኛው ቅጠል ጀርባ ላይ አንዳንድ የብልግና ስዕሎች፣ የሊዮናርዶ ረዳት የሳላይ ስም፣ ከጎናቸውም ቡናማ ቀለም ያለው ብስክሌት ተገኘ። ሁለት እኩል ጎማ፣ ፔዳል፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ካቴና፣ መቀመጫና መሪ አለው።

በ1974 ግኝቱን ለዓለም ያበሠረው ጣሊያናዊው ምሁር አውጉስቶ ማሪኖኒ ነው። ማሪኖኒ ስዕሉ በሊዮናርዶ እጅ የተሣለ ነው አላለም። መስመሩ የልጅ እጅ ስለሚመስል፣ ከተማሪዎቹ አንዱ ከጠፋ የመምህሩ ስዕል ላይ የገለበጠው ይሆናል አለ። ዋና ማስረጃው ካቴናው ነበር፤ በ1960ዎቹ ማድሪድ ውስጥ በተገኙት የሊዮናርዶ ማስታወሻዎች ላይ እውነተኛ የካቴና ንድፎች አሉና። ዓለምም ዜናውን በደስታ ተቀበለ። ከስዕሉ የእንጨት ብስክሌት ተሠርቶ በየኤግዚቢሽኑ ዞረ።

ተቃራኒው ማስረጃ ግን ከባድ ነው። ሌላው የሊዮናርዶ አጥኚ ካርሎ ፔድሬቲ፣ ወረቀቱ ገና ሳይላቀቅ በ1961 በብርሃን ላይ አንሥቶ አይቶት ነበር። ያየውም ሁለት ክቦችና ጥቂት ቅስቶች ብቻ ነው፤ ብስክሌት አልነበረም። በተለጠፈ ወረቀት በኩል የታየ ነገር ሙሉ ምስክር አይሆንም የሚል ሊኖር ይችላል። ስዕሉ ራሱ ግን ይመሰክራል። መሪው የፊት ጎማውን ማዞር አይችልም፤ እንዲህ ያለ ብስክሌት ላይ የወጣ ሰው ጥቂት ሜትር ሳይሄድ ይወድቃል። ማርሽና መገጣጠሚያ በአንድ ወረቀት ላይ አሥር ጊዜ ሲመረምር የኖረ መሐንዲስ ይህን አይስትም። የተገለበጠ ነው ቢባል እንኳ፣ የብስክሌቱ ቅርጽ የ15ኛው መቶ ዘመን ሳይሆን የ1880ዎቹ ነው።

እዚያ ቅርጽ ላይ ለመድረስ የሰው ልጅ ስንት እርምጃ እንደወሰደ እናውቃለን። ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ በ1817 ማንሃይም ላይ የነዳው ባለሁለት ጎማ የሚገፋው መሬት በሚረግጥ እግር ነበር። ፔዳል ፓሪስ ውስጥ ፊት ጎማ ላይ የመጣው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ክብሩ የፒዬር ሚሾ ነው ወይስ በ1866 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ያወጣው የፒዬር ላልማን የሚለውም ራሱን የቻለ ሙግት ነው። ካቴና የኋላ ጎማን ሲያዞር ዓለም በስፋት ያየው በ1885 በወጣው የእንግሊዙ ሮቨር ብስክሌት ነው። ጀርመናዊው የታሪክ ተመራማሪ ሃንስ ኤርሃርት ሌሲንግ በ1997 እነዚህን ማስረጃዎች ደርድሮ፣ ብስክሌቱ በእኛው ዘመን በአሮጌዎቹ ክቦች ላይ የተጨመረ ሐሰት ነው ሲል አቀረበ። ክቦቹ ጎማ ሆነው መጠበቃቸው ለሣለው ሰው ሥራውን ቀላል አድርጎለታል። የዚህም ጸሐፊ ሚዛን ወደዚያው ያደላል።

ፈረንሳይም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለችም። ጋዜጠኛው ሉዊ ቦድሪ ዴ ሶንዬ በ1891 ባሳተመው የብስክሌት ታሪክ፣ ኮምት ደ ሲቭራክ የተባለ ባላባት በ1790 ገደማ የእንጨት ባለሁለት ጎማ በፓሪስ ጎዳና እንደነዳ ተርኳል። ታሪኩ ለአሥርት ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ተጠቀሰ። በኋላ ሲጣራ ባላባቱ ፈጽሞ አልነበረም፤ የተገኘው በ1817 ባለአራት ጎማ ሠረገላ ለማስገባት ፈቃድ ያወጣ ሲየቭራክ የተባለ የማርሴይ ሰው ነው። ፈረንሳይ በ1871 በጀርመን ተሸንፋ ነበርና፣ የጀርመኑን ድራይስን የሚቀድም የአገር ልጅ መገኘቱ ብዙዎችን ሳያስደስት አልቀረም። ጣሊያንም ከሊዮናርዶ የሚበልጥ ምን አባት ታገኛለች!

የሚያሳዝነው ሐሰቱ እውነተኛውን ሥራ መሸፈኑ ነው። ሊዮናርዶ በሎዋር የመጨረሻ ዓመታቱ ያሰበው ስለ ጉዞ ነበር፤ ሰውና ዕቃ በጸጥታ የሚያልፍባቸውን የውኃ መንገዶች ነደፈ። ዛሬ በግድቦቹ አናት ላይ የሚነዱት ብስክሌተኞች አምቧዝ ሲደርሱ ብስክሌታቸውን አቁመው ክሎ ሉሴ ይገባሉ፤ በምድር ቤቱ ከንድፎቹ የተሠሩ የማሽን ሞዴሎች ያያሉ። የሮሞራንታን ቦዮች ለእነርሱ ከማንኛውም ማሽን የቀረቡ ናቸው፤ ከዚያው ወንዝ ጋር እንዲገናኙ የታሰቡ ናቸውና ሊነገርላቸው ይገባል። የእንጨቱን ብስክሌት ለሕዝብ የሚያሳዩ ኤግዚቢሽኖች ደግሞ ከሊዮናርዶ ስም ጎን 1974ን ይጻፉበት፤ ፔድሬቲ በ1961 ያያቸውንም ሁለት ክቦች አብረው ያሳዩ።