ከእንስራ እስከ ቧንቧ፤ የአዲስ አበባ ቤተ ሰብ የመጠጥ ውኃ ታሪክ

የአዲስ አበባ የውኃ ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ንጉሡ፣ መሐንዲሱና ግድቡ ናቸው። ውኃው ቤት ገብቶ እስኪጠጣ ድረስ በማን ጀርባ እንደ ተጓዘና በምን ዕቃ እንደ ተቀመጠ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይኸንኑ ነው። ውኃን ማምጣትና ውኃን ማጥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እንደሚመስለን የከተማችን ታሪክ የመጀመሪያውን ሲያደንቅ ሁለተኛውን ዘንግቶታል።

ሀ. ከቧንቧ በፊት

እቴጌ ጣይቱ የፍል ውኃውን አካባቢ ወደው በ1879 ዓ.ም. ቤት ካሠሩ በኋላ መኳንንቱና ሠራዊቱ ከእንጦጦ እየወረዱ ሰፈሩ። አዲሱ ከተማ እንደ ቀበና ያሉ ወንዞችና በየሸለቆው የሚፈልቁ ምንጮች ስለ ነበሩት ውኃ አልታጣበትም። ችግሩ ውኃው ከሸለቆ፣ ሰፈሩ ከኮረብታ ላይ መሆኑ ነበር። እንስራ አዝለው ዳገቱን የሚወጡት ሴቶች፣ ልጃገረዶችና የታላላቅ ቤቶች ውኃ ቀጂዎች ነበሩ። ከውኃ ቀጂዎቹም መካከል በባርነት የተያዙ እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም።

እነዚህ ሰዎች የመጠጥ ውኃን በሦስት ዳኞች ይመዝኑት ነበር፤ በዓይን፣ በአፍንጫና በምላስ። የጠራ፣ የማይሸትና የማይከብድ ውኃ ንጹሕ ነው ተባለ። በክረምት የደፈረሰው ውኃ በጋን ወይም በማድጋ አድሮ ከጠለለ በኋላ ላዩ በቅል ይቀዳል፤ አተላው ይደፋል። ዕቃው በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ በወይራ ጭስም ይታጠናል። በብዙ ባላገርም የምንጩ ዓይን ለሰው፣ ከዚያ በታች ያለው ለከብት፣ የመጨረሻው ለልብስ አጠባ ተለይቶ ይጠበቅ ነበር። ይህ ልማድ ያለ መጽሐፍ የተገኘ እውነተኛ ዕውቀት ነው። ነገር ግን ሦስቱ ዳኞች የማያዩት ጠላት ነበረ። ሐኪሙ ጆን ስኖው በ1854 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከተማ እንዳሳየው የኮሌራ በሽታ ጠርቶ በሚታይ ውኃም ይተላለፋል።

ለ. ቧንቧው ሲመጣ

በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ሥር የሚፈልቀውን ውኃ በቧንቧ ወደ ግቢያቸው አስገቡ። ሥራውን የመራው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ ይህ ሁሉ ብረት ከባሕር ዳር የተጓዘው ያለ ባቡር ነው። ውኃ ኮረብታ ሲወጣ ያየው ሕዝብ እጅግ ተደነቀ፤ ግጥምም ገጠመለት። ምሥጢሩ ግን ቀላል ነው። ምንጩ ከግቢው ኮረብታ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለው ውኃ ሸለቆውን ወርዶ በራሱ ግፊት መልሶ ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንላለን። አንደኛ፣ ቧንቧው መጀመሪያ የደረሰው ግቢ ነው፤ የተራው ሰው እንስራ ከጀርባ አልወረደም። ሁለተኛ፣ ቧንቧ ውኃን ያመጣል እንጂ በራሱ አያጠራም፤ ምንጩ ከቈሸሸ ቧንቧው ያንኑ ቈሻሻ ፈጥኖ ያደርሳል።

ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ምንጮቹ አልበቁም። ስለዚህ ከከተማው በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ በ1944 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ ማጣሪያውም በ1960 እ.ኤ.አ. ተተከለለት። በስተ ምሥራቅ ደግሞ የለገዳዲ ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ተጨመረ። ግድቡ ውኃውን ያጠራቅማል፤ ማጣሪያው ደለሉን ያዘቅጣል፤ በአሸዋ ያልፋል፤ በመጨረሻም ክሎሪን ይገባበታል። ለዓይን የማይታየውን ተሐዋሲ የሚገድለው ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው። አራተኛው ዳኛ፣ ማለት ቤተ ሙከራው፣ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ሐ. የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች

ቧንቧ በግቢው የሌለው ቤተ ሰብ ከቦኖ ይቀዳ ጀመር። ተራ መያዝ፣ ሳንቲም መክፈል፣ የወረፋ ጠብና የወረፋ ወዳጅነትም ተከተሉ። እንስራውም ለቆርቆሮ፣ ከዚያም ለጀሪካን ቦታውን ለቀቀ። ጀሪካን አይሰበርም፤ ይሸከሙታል፤ ያንከባልሉታል። ነገር ግን አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ እጅ ገብቶ አያጥበውም፤ በወይራ የማጠኑ ልማድም ከእንስራው ጋር አብሮ ቀረ። አዲሱ ዕቃ ሸክሙን ሲያቃልል አሮጌውን ንጽሕና ሳይተካ መቅረቱን በየቤታችን አይተነዋል።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ከተሻሻለ ምንጭ የሚጠጡት ቤተ ሰቦች በከተማ ከመቶ 97 ሲሆኑ በገጠር 57 ነበሩ። ከዚህም በላይ ከምንጩ ንጹሕ የነበረ ውኃ ቤት ውስጥ በመቅጃው፣ በእጅና ባልታጠበ ዕቃ ሊበከል ይችላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ለቀናት ተጠራቅሞ ይቀመጣል።

ስለዚህ ውኃ ገባ ብሎ መጻፍ ታሪኩን ከመንገድ ላይ መተው ነው። ታሪኩ የሚያልቀው ልጁ ጣሳውን ጨልጦ ሳይታመም ሲያድር ነው። እስከዚያ ያለውን ድካም የተሸከሙት ስማቸው በዜና መዋዕል ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው። ይኸን ጽሑፍ የምታነቡ ጓደኞቻችን፣ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ከየት ይቀዱ እንደ ነበር፣ በምን ያጠሩት እንደ ነበር ጠይቃችሁ እንድትጽፉ እናሳስባለን። ግድቡ ሰነድ አለው፤ የእንስራው ታሪክ ግን የሚገኘው በእነርሱ አፍ ብቻ ነው።