ዘይት የቆጠበው ኦዲተር

አንድ ባለሥልጣን ካልሰረቀ፣ ካላባከነ፣ ጭራሽ ከበጀቱ የተረፈውን ወደ መንግሥት ካዝና ከመለሰ ምን ይወጣለታል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። የአገሪቱን የባሕር መብራት ማማዎች ለ32 ዓመታት አስተዳደረ። ከዚያ ሥራ ያስነሳው ግን የሌባ ክስ ሳይሆን የመርከበኞች አቤቱታ ነው።

ስሙ ስቲቨን ፕሌዘንተን ይባላል። መጀመሪያ የሚያስመሰግነው ይነገርለት። እ.ኤ.አ. በ1814 የእንግሊዝ ጦር ወደ ዋሽንግተን ሲገሰግስ፣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረው ፕሌዘንተን የነጻነት አዋጁንና ሌሎች ሰነዶችን በከረጢት ከትቶ፣ በጋሪ ጭኖ ከከተማ አወጣ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሊስበርግ አድርሶ ሸሸጋቸው። ከተማዋ ስትቃጠል ወረቀቶቹ ተረፉ። ታማኝነቱ የሚያጠያይቅ አልነበረም።

ይህ ሰው በኋላ የግምጃ ቤቱ አምስተኛ ኦዲተር ሆነ፤ በ1820 ደግሞ የባሕር መብራቶቹ በእሱ ሥር ገቡ። ለምን ለኦዲተር? አሜሪካ የባሕር መብራትን የፌዴራል መንግሥት ሥራ ያደረገችው ገና በ1789፣ አዲሱ ኮንግረስ ባወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሕጎች ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ የማማ ጠባቂዎችን ሹመት ያጸድቅ ነበር። በእንግሊዝ መርከቦች ወደብ ሲገቡ የመብራት ክፍያ ይከፍሉ ነበር፤ የአሜሪካ መርከቦች ግን በአገራቸው እንዲህ ያለ ክፍያ አልነበረባቸውም፤ የዘይቱም የክሩም ወጪ ከግምጃ ቤት ይወጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የሒሳብ ጉዳይ ተደርጎ ታየ። ፕሌዘንተን ባሕርተኛ አልነበረም፣ መሐንዲስም አልነበረም። ዋሽንግተን ቢሮው ተቀምጦ፣ ሌላ የኦዲት ሥራም ደርቦ ነው ይህን የሚመራው። በየወደቡ ማማዎቹን የሚቆጣጠሩለት የጉምሩክ ሹሞች ነበሩ፤ ለእነሱም ቢሆን መብራቱ ትርፍ ሥራ ነው።

የማያውቅ ሰው የሚያውቅ ይፈልጋል፤ እሱም ዊንስሎ ሉዊስን አገኘ። ሉዊስ ከኬፕ ኮድ የመጣ የመርከብ ካፒቴን ነው። በ1810 አንጸባራቂ ሳህን ያለው የማማ ፋኖስ በስሙ አስመዝግቦ፣ በ1812 መንግሥት መብቱን ገዝቶታል። ፋኖሱ የቀድሞዎቹ ከሚፈጁት ዘይት ግማሹን ያህል ይቆጥባል ተባለለት፤ ለፕሌዘንተን ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አልነበረም። ሉዊስ ፋኖስ ያቀርባል፣ ዘይት ያቀርባል፣ በጨረታ እየገባ ማማ ይሠራል፣ ማማው እንዴት መሠራት እንዳለበት ደግሞ ኦዲተሩን የሚያማክረው እሱ ነው። ተጫራቹና አማካሪው አንድ ሰው ሲሆን ምን እንደሚመጣ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። አንጸባራቂዎቹ ስስ መዳብ በመሆናቸው ይጣመማሉ፤ የተቀቡት ብርም ጠባቂዎቹ ሲወለውሉት ይላላጣል።

በዚህ መካከል ፈረንሳይ ውስጥ ኦገስታን ፍሬኔል የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ1822 አዲስ ነገር አቀረበ። በአንድ መብራት ዙሪያ የተደረደሩ የመስታወት ቀለበቶች ወደ ሰማይና ወደ መሬት ሊባክን የነበረውን ብርሃን ሰብስበው ወደ ባሕሩ ይልካሉ። በማግስቱ ዓመት ኮርዱዋን በተባለው ማማ ላይ ተሞከረ። ፕሌዘንተን ሌንሱ ውድ ነው፣ ለጠባቂዎቻችንም ይከብዳል አለ። ኮንግረስ የላከው የባሕር ኃይል መኮንን ማቲው ፔሪ ከአውሮፓ ሁለት ሌንሶች ገዝቶ መጥቶ በ1841 ኒው ጀርሲ ውስጥ ኔቨሲንክ ላይ ተተከሉ። ልዩነቱ ከባሕር ላይ ለማንም ይታይ ነበር። ኦዲተሩ ግን በያዘው መንገድ ቀጠለ።

አቤቱታው የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1837 የመርከበኞች የባሕር መመሪያ መጽሐፍ የሚያሳትሙት የብላንት ወንድማማቾች ለገንዘብ ሚኒስትሩ ጻፉ። በ1838 የባሕር ኃይል መኮንኖች ዳርቻውን ተከፋፍለው መረመሩ። በ1843 ደግሞ መሐንዲሱ አይ. ደብሊው. ፒ. ሉዊስ የሚያፈሱ ጣሪያዎችንና መጥፎ መሠረቶችን እየዘረዘረ ሪፖርት አቀረበ፤ ይህ ሰው የዊንስሎ ሉዊስ የወንድም ልጅ ነው። አጎትየው በጽሑፍ መለሰለት፣ ኦዲተሩም ከአጎትየው ጋር ቆመ። የፕሌዘንተን መከራከሪያ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አንድ የአሜሪካ ማማ በዓመት የሚፈጀው ገንዘብ ከእንግሊዙ ያነሰ ነው። እውነቱን ነው፤ ያነሰ ነበር። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ግን መብራቱ ስንት ማይል እንደሚታይ የሚጻፍበት ዓምድ አልነበረም።

በ1851 ኮንግረስ ታግሶ ታግሶ አጣሪ ቦርድ እንዲቋቋም ፈቀደ። ካፒቴኖች ተጠየቁ። ኬፕ ሃተራስ ብዙ መርከብ የሚሰበርበት አስፈሪ ስፍራ ነው፤ ሌተናንት ዴቪድ ፖርተር የዚያን ማማ መብራት ከዓለም የከፋ ብሎ መሰከረበት። ማማ መትከል በማይቻልበት ቦታ መልህቅ ጥለው የሚቆሙት የመብራት መርከቦች ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ማዕበል ሲመጣ ከቦታቸው ይሸሻሉ። ቦታውን የለቀቀ መብራት ካልበራ መብራት ይብሳል፤ መርከበኛው እሱን አምኖ ነዋ የሚሄደው። በጥር 1852 የቀረበው ሪፖርት 760 ገጽ ነበር።

የሁሉም ነገር ቁልፍ ያለው ግን ዘይቱ ላይ ነው። አንድ ትልቅ የሉዊስ ፋኖስ እያንዳንዳቸው አንጸባራቂ ያላቸው ብዙ መብራቶች ይፈልጋል። የፍሬኔል ሌንስ አንድ መብራት ይበቃዋል። የመግዣ ዋጋው ያስደነግጥ እንጂ ዘይት የሚቆጥበው ሌንሱ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ዘይት ለመቆጠብ ሲል ሠላሳ ዓመት ዘይት አቃጠለ። የጠፋው መርከብና ሰው በየትኛውም መዝገብ ከእሱ ወጪ ላይ አልተደመረም።

በጥቅምት 1852 ሥራው ከኦዲተሩ ተወስዶ ለባሕር መብራት ቦርድ ተሰጠ። የባሕር ኃይል መኮንኖች፣ የጦር ሠራዊት መሐንዲሶችና ሁለት ሲቪል ሳይንቲስቶች ገቡበት፤ ከሳይንቲስቶቹ አንዱ የፊዚክስ ሊቁ ጆሴፍ ሄንሪ ነው። አገሪቱ በ12 ወረዳ ተከፈለች፣ ለየወረዳው ተቆጣጣሪ ተመደበ። የዓሣ ነባሪ ዘይት ሲወደድ ሄንሪ ራሱ እየሞከረ የአሳማ ስብ ዘይት በደንብ ከተሞቀ እንደሚተካው አሳየ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም፤ ጠባቂዎቹ ገና ብዙ ዓመት ፓርቲ ሲቀየር አብረው ይባረሩ ነበር። ሌንሶቹ ግን ደረሱ፤ በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር የአገሪቱ ማማዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የፍሬኔል ሌንስ ነበራቸው። ሃተራስም ማማው ከፍ ብሎ በ1854 ትልቁን ሌንስ አገኘ።

ፕሌዘንተን አልተከሰሰም፣ ሊከሰስበት የሚችል ነገርም አልነበረም። በ1855 ሲሞት አሁንም የግምጃ ቤቱ አምስተኛ ኦዲተር ነበር።