ማረም ወይስ ማሰለፍ?

በቋንቋችን «ወህኒ ቤት» የሚለው ስያሜ ስፍራውን ለ«ማረሚያ ቤት» ሲለቅ፣ ታሳሪው ተቀጥቶ ብቻ ሳይሆን ታርሞም ይወጣል የሚል ተስፋ ይዞ ነው። ሰው በምን ይታረማል የሚለውን ጥያቄ ግን ስያሜ ብቻውን አይመልሰውም። አሜሪካ ለዚህ ጥያቄ አንድ ፈጣን መልስ ሞክራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1983 የጆርጂያና የኦክላሆማ ግዛቶች «ቡት ካምፕ» የተሰኘውን የእስር ዓይነት ጀመሩ፤ ስሙ ከምልምል ወታደሮች ማሠልጠኛ የተወሰደ ነው። ጊዜው እስር ቤቶች የተጨናነቁበት፣ ሕዝቡም በወንጀለኛ ላይ እንዲጠነከር የሚሻበት ነበር። ኃይል ባልተቀላቀለበት ወንጀል የተፈረደባቸው፣ በአመዛኙ ወጣት የሆኑ ታሳሪዎች በረጅም እስር ፈንታ ከ90 እስከ 180 ቀናት በካምፕ ይቆያሉ፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ አሠልጣኝ እየጮኸባቸው ይሰለፋሉ፣ ይሮጣሉ፣ የጉልበት ሥራም ይሠራሉ። ሐሳቡ ቅጣት ለሚሻው ቅጣትን፣ ምሕረት ለሚሻው አጭር እስርን፣ ለመንግሥት ደግሞ የወጪ ቅናሽን ተስፋ የሚሰጥ ስለ ነበር ብዙዎችን አስማማ። በ1995 ለአዋቂዎች ብቻ 75 ያህል ካምፖች ነበሩ።

የወንጀል ጥናት ምሁሯ ዶሪስ ማኬንዚና ባልደረቦቻቸው በስምንት ግዛቶች ያካሄዱት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ሠልጣኞቹ በካምፕ ሳሉ አመለካከታቸው ቢሻሻልም፣ ከወጡ በኋላ ወደ ወንጀል በመመለስ ረገድ ከሌሎች ታሳሪዎች በአብዛኛው አልተለዩም። በኒውዮርክ፣ በኢሊኖይና በሉዊዚያና በአንዳንድ መለኪያዎች የተሻለ ውጤት ታይቷል፤ ይሁንና በእነዚህ ግዛቶች ካምፖቹ ለምክርና ለትምህርት ሰፊ ጊዜ ይሰጡ፣ ከእስር በኋላም የቅርብ ክትትል ይደረግ ስለ ነበር፣ ለውጡን ያመጣው ሰልፉ ነው ለማለት አይቻልም። ቁጠባውም ቢሆን የሚገኘው ያለ ካምፑ ረጅም እስር የሚጠብቃቸው ሰዎች ሲመረጡ ብቻ ነው፤ ቅጣታቸው በገደብ ሊታለፍላቸው የሚችሉ ሰዎች ከገቡበት ወጪው ይጨምራል።

በ2000 የቀሩት ካምፖች 51 ብቻ ነበሩ። በ2006 በፍሎሪዳ አንድ የ14 ዓመት ታዳጊ የካምፕ ጠባቂዎች በኃይል ከያዙት በኋላ ሲሞት፣ ግዛቲቱ በዚያው ዓመት የታዳጊዎች ካምፖቿን ዘጋች።

«ማረም» ገበሬውም በማሳው የሚያውቀው ቃል ነው። የተረገጠ አረም ለጊዜው ይተኛል፤ ሥሩ ካልተነቀለ ግን ዝናብ ሲያገኝ ቀና ይላል። የሱስ፣ የሥራ ማጣትና ያለመማር ሥርም በሰልፍ ብዛት አይነቀልም።