የቤት ወለል ከእበት እስከ ቀለም

ስለ ቤት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ዘወትር ዓይናቸውን ወደ ላይ አንሥተው ስለ ጣራው፣ ስለ ግድግዳውና ስለ ሰገነቱ ይተርካሉ። ወለሉን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሕፃን የሚድኸው፣ ቡና የሚፈላው፣ እንግዳ የሚስተናገደው፣ ሐዘንተኛም የሚቀመጠው በወለሉ ላይ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ቤት ወለል፣ ይልቁንም የልደታ ሰፈር ቤት ወለል፣ ከአፈር ተነሥቶ በጣውላና በሲሚንቶ በኩል እስከ ቀለም የደረሰበትን መንገድ መመልከት ከንቱ ድካም አይደለም።

ጥንታዊው ወለል አፈር ነው። መሬቱ ይደለደላል፣ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያም በእበት ይለቀለቃል። በእበቱ ውስጥ የሚገኘው የሣር ጭረት አፈሩን አያይዞ አቧራውን ያስቀራል። ነገር ግን ይህ ወለል ውሃ አይችልም፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየጊዜው፣ በተለይም በበዓል ዋዜማ፣ እንደገና መለቅለቅ ያስፈልገዋል። ይህም ሥራ የሴቶች ድርሻ ነበር። በበዓሉ ቀን የሚጎዘጎዘውን ቄጤማ ብዙዎች ያመሰግኑታል፤ ከቄጤማው በታች ያለውን የእጅ ድካም ግን የሚያነሣው የለም። ደግሞም ሙጃሌ የሚራባው በደረቅ አቧራና በአፈር ውስጥ ስለሆነ፣ የአፈር ወለል ለባዶ እግር ጠላት የሚሸሽግ ወለል ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ለቤት ሥራና ለማገዶ የሚሆነው እንጨት ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄደ። ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር አሳብ እንኳ ተነሥቶ ነበር። ከተማዋን ካዳኗት ነገሮች አንዱ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ለማገርና ለምሰሶ እጅግ ጠቀመ፤ ሲደርቅ የሚጣመምና የሚሰነጠቅ በመሆኑ ግን ለወለል ጣውላ ብዙ አልተመቸም። ለወለል የሚሻለው ዝግባና ጥድ ነበር። እነዚህ ደግሞ ውድ ስለሆኑ የጣውላ ወለል በመጀመሪያ የታየው በመኳንንትና በባለጸጎች ቤት ነው፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ለዚህ ምስክር ይሆናል። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ከውጭ አገር የሚመጣው የሕንፃ ዕቃ በብዛት ለመግባት መንገድ አገኘ።

ሲሚንቶ በሰፊው መታወቅ የጀመረው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። የድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ ቃሉን ትቶልን ሄደ፤ ልሙጡን የሲሚንቶ ወለል እስከ ዛሬ «ሊሾ» የምንለው በኢጣልያንኛ ልሙጥ ማለት ስለሆነ ነው። ሊሾ ይታጠባል፣ ሙጃሌም አይሸሸግበትም። ነገር ግን ብርዱ ያስቸግራል፤ እየቆየም ላዩ እየተፈገፈገ ዱቄት ያወጣል። ስለዚህ የቤት እመቤቶች ቀይ የወለል ሰም እየቀቡ በጨርቅ ይወለውሉት ጀመር። የእበቱ ድካም ቀረ ሲባል የሰሙ ድካም ተተካ።

ስሟን ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ያገኘችው የልደታ ሰፈር በዚህ ታሪክ ልዩ ስፍራ አላት። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት አውሮፕላን ያርፍ የነበረው በዚሁ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተመሠረተው የሕንፃ ኮሌጅም በዚሁ ሰፈር ይገኛል፤ የሕንፃ ዕቃን ጠባይና ዋጋው ዝቅ ያለ ቤት የሚሠራበትን መንገድ ሲመረምር የኖረ ተቋም ነው። ከአጥሩ ውጭ ግን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች ተጠጋግተው ቆመው ነበር። ዕውቀቱና ችግሩ ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ይቻላል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆኑ፣ ብዙው ነዋሪ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነ። ኪራዩ አነስተኛ ነበር፤ ዕድሳቱም እንደዚሁ አነስተኛ ሆነ። ተከራይ ግድግዳ ሊያፈርስ ወይም ክፍል ሊጨምር እንደ ልቡ አይችልም። ወለሉን ግን አጥቦ፣ ስንጥቁን ደፍኖ ቀለም ቢቀባው የሚከለክለው የለም። ስለዚህ የወለል ቀለም ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ቤቱ የእርሱ ያልሆነ ሰው፣ ኑሮው ግን የራሱ መሆኑን የሚገልጥበት ሥራ ነበር።

ይሁንና የወለል ቀለም ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ይላጣል። ምክንያቱን ማወቅ ይገባል። የጥንቱ ዘይት ቀለም መሠረት እኛ በጾም የምንጠጣው የተልባ ዘይት ነው። ይህ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየሳበ ይጠነክራል እንጂ። በጣውላ ላይ መልካም ሆኖ ይይዛል። በአዲስ ሲሚንቶ ላይ ሲቀባ ግን በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ኖራ መሰል ኃይል ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ቀለሙም ይላጣል። ስለዚህ አዲስ ሲሚንቶ ቢያንስ 28 ቀን መቆየት፣ ከዚያም ለሲሚንቶ ተብሎ የተዘጋጀ ቀለም መቀባት አለበት።

ሁለተኛው ጠላት ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ በወለሉ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን መለጠፍና ለአንድ ቀን መተው ነው። በማግሥቱ ከላስቲኩ በታች ላበት ከታየ መቀባቱ ይቆይ፤ በክረምት ከመቀባትም በበጋ መቀባት ይሻላል። ሦስተኛው ጠላት የቆየው ሰም ነው፤ በሰም ላይ ቀለም አይይዝምና አስቀድሞ ፈጽሞ ሊወገድ ይገባዋል። ከዚያም ልሙጡ ሊሾ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ አቧራው ይጠረጋል፤ አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባትም ሁለት ጊዜ አሳስቶ መቀባት ይበልጣል። ሠራተኛው ከውስጠኛው ማዕዘን ጀምሮ በበሩ በኩል ይጨርስ።

የቆየ ቀለም የሚፍቅ ሰው ግን ይጠንቀቅ። በቀድሞ ዘመን በዓለም ሁሉ በዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን ይጨመር ነበር፤ ብናኙም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ፍቆቱ ደረቅ ሳይሆን በውሃ ረጥቦ፣ ልጆችም ከቤት ርቀው ሊሠራ ይገባዋል።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት የልደታ አሮጌ ሰፈር በከተማ ማደስ ሥራ ፈርሶ በቦታው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆሙ። ባለ ዕጣው ቤቱን ሲረከብ ወለሉ ገና ያልተጌጠ ሲሚንቶ ነው። ሴራሚክ ማንጠፍ የሚችል ያነጥፋል፤ የማይችልም ቀለም ይገዛል። ስለዚህ የአባቶቻችን ጥያቄ በአራተኛ ፎቅ ላይ እንደገና ተነሥቷል።

የፈረሱት ቤቶች ወለል በተነሣ ጊዜ ግን ከእርሱ ጋር የጠፋ ነገር አለ። ቀለሙ፣ ከቀለሙ በታች ሰሙ፣ ከሰሙ በታች ሊሾው፣ ከሁሉ በታችም የተለቀለቀው አፈር የአንድ ቤተ ሰብ የኑሮ መዝገብ ነበር። ከመፍረሱ በፊት ያነበበው ሰው ጥቂት ነው። በሌሎች ሰፈሮች ገና የሚፈርሱ ቤቶች አሉና፣ የሕንፃ ትምህርት ተማሪዎች ጣራውንና ግድግዳውን ሲለኩ ወለሉንም እንዲመረምሩ ያስፈልጋል። ወለሉን ሲለቀልቁና ሲወለውሉ የኖሩትን እናቶችም ዛሬ በሕይወት ሳሉ ቢጠይቁ፣ በወረቀት ያልተጻፈውን ታሪክ ከባለቤቶቹ አንደበት ያገኙታል።