ተዋናይ ተመልካች ሲሆን፦ ከካሚሪቱ መንደር የምንማረው

ድራማ የምንሠራ ሰዎች የሌላውን ድራማ ስናይ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንልንም። ባለፈው የተማሪዎች ትርኢት ላይ ከኋላ ሆነን «ድምፅ! አይሰማም!» እያልን የጮህነው፣ አንዲት ተማሪ ቃሉ ሲጠፋባት የሳቅነው እኛው የድራማ ክበብ አባላት ነን። ልጅቷ እንደምንም ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ ግን ለልምምድ አልመጣችም። ታዲያ ጥፋታችን መተቸታችን ነው ወይስ የተቸንበት ሰዓት?

ለዚህ መልስ የሚሰጥ ታሪክ እዚሁ ኬንያ ውስጥ አለ። ካሚሪቱ በሊሙሩ አካባቢ፣ ከናይሮቢ ብዙ የማትርቅ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1976 የመንደሩ ማኅበረሰብ ማዕከል ለጎልማሶች የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ጀመረ። በ1977 ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እና ንጉጊ ዋ ሚሪ «ንጋሂካ ንዴንዳ» (ስፈልግ አገባለሁ) የተባለውን ተውኔት በኪኩዩ ቋንቋ ለማዕከሉ ጻፉ። ተዋንያኑ ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ከ2,000 ሰው በላይ የሚይዘውን ጣሪያ አልባ ቲያትር ቤትም የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

ልምምዱ በር ተዘግቶ አልተካሄደም። መንደርተኛው መጥቶ ያያል፣ ያርማል። ሽማግሌዎች፣ ትልቅ ሰው እንዲህ አይናገርም፣ በምሳሌ ነው የሚናገረው እያሉ ቃለ ተውኔቱን ያስተካክሉ ነበር። የሠርጉን ዘፈን ስንኝ በስንኝ ያስተማረችው ማንበብ የማትችል አሮጊት ነበረች። ጸሐፊዎቹም ምሁራን ነን ብለው አልተቀየሙም፤ ጽሑፋቸውን አረሙ።

ተውኔቱ ጥቅምት 2 ቀን 1977 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት ሕዝቡ ከሩቅ ሳይቀር እየመጣ አየው። የባለጸጎችን ግፍ ስለሚያሳይ መንግሥት ኅዳር 16 ቀን አገደው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተይዞ ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ያህል ታሰረ። በ1982 ቲያትር ቤቱ ራሱ ፈረሰ። ንጉጊ በ2025 ቢሞትም ያ የአሠራር ዘዴ ግን አልሞተም።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የካሚሪቱ ሰዎች የተቹት ስሕተቱ ሊታረም በሚችልበት ሰዓት፣ በልምምድ ላይ ነው። መድረክ ላይ የቆመች ልጅ ምን ልታርም ትችላለች? ሁለተኛ፣ የሚተቸው ሰው የተሻለውን ቃል ይዞ ይመጣ ነበር። እኛ ግን «ድምፅ!» ብለን ጮህን እንጂ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ አላሳየናትም።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ልምምዳችን ለሁሉም ክፍት ይሆናል። መምህራንም፣ ተማሪዎችም፣ እናቶችም መጥታችሁ እንደልብ ተናገሩ። ትርኢቱ ሲጀመር ግን ዝም እንበል፤ ዘግይቶ የመጣም ትዕይንቱ እስኪያልቅ በር ላይ ይጠብቅ። ሲያልቅ መጀመሪያ እናጨብጭብ፣ ከዚያ እንነጋገር።

ልጅቷንም ቤቷ ድረስ ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን። ከተመለሰች ቀጣዩን ልምምድ እሷ ትምራው፤ እኛ ተቀምጠን እናያለን።